ሁለት ገጽ ለአንድ ቤት

ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ሰሞን እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት አዳይ ነበርሁ። ከሠራተኛው ሁሉ ታናሽ ስለነበርሁ ሌላው የሸሸው ሥራ ሁሉ እየተንከባለለ እኔ ዘንድ ይደርሳል። የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ፣ ቤት ለቤት እየዞረ እርጉዞችንና አዛውንቶችን የሚጠይቅ ሰው እንደሚፈልጉ በስብሰባ ላይ ሲናገሩ፣ ሁሉም ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። እኔም አየሁ፤ ግን ዘግይቼ ነበር። ባልደረቦቼ ሳምንቱን ሙሉ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» እያሉ ሲስቁብኝ ሰነበቱ።

ኃላፊው ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። «መጽሐፎቻችን ላይ ያለው መጠን ሁሉ ለጎልማሳ ወንድ የተለካ ነው» ይሉ ነበር። «እርጉዟና ሽማግሌው ከመስኮታችን ክኒን ተቀብለው ከሄዱ በኋላ ቤታቸው ምን እንደሚያደርጉት አናውቅም። ተመልሰው ካልመጡ ድነዋል ብለን እንቀመጣለን።» ሊያጠኑት የፈለጉት ይህንኑ ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ እየሄድሁ ምን እንደሚወስዱ እጠይቃለሁ፣ የቀረውን ክኒን እቆጥራለሁ፣ እጽፋለሁ። ለአዛውንቶች አንድ ደብተር፣ ለእርጉዞች ሌላ ደብተር ተሰጠኝ።

አንድ ጥብቅ ትእዛዝም ነበረበት። «ምክር አትስጪ» አሉኝ። «ዛሬ ከመከርሻቸው በሚቀጥለው ስትመጪ አንቺን ደስ የሚያሰኝሽን ይነግሩሻል፤ እውነቱን ግን አናገኘውም። የሚያሰጋ ነገር ካየሽ ለእኔ ንገሪኝ።» ትእዛዙ ትክክል እንደነበር አሁንም አምናለሁ። ትእዛዙን መቼ እንደጠበቅሁና መቼ እንዳፈረስሁ ግን ሳስበው እስከ ዛሬ ራሴን እጠላለሁ።

መጀመሪያ ላይ ሥራው አልሄድ አለኝ። ቀበሌው ደብዳቤ ጽፎ ብቻ ቢተወኝ ጥሩ ነበር፤ አንድ አብዮት ጠባቂም ጨመረልኝ። ሰውዬው ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላዬ ቆሞ እኔ «እናቴ፣ ቤትዎ ውስጥ ምን ክኒን አለ?» ስል ማን ይመልስልኛል? ያ ሕዝብ፣ ደብተር ይዞ «ቤት ውስጥ ያለውን አውጡ» የሚል ሰው ምን እንደሚያመጣ በደንብ ያውቃል። አንዲት አሮጊት የልብ መድኃኒታቸውን ከነፖስታው ሽንት ቤት እንደጨመሩት ልጃቸው ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ጠባቂውን ጠላ ቤት አስቀምጬው ብቻዬን መዞር ጀመርሁ። እሱም አልከፋውም።

ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ ደንገሉ ከሚታይበት ሠፈር፣ የኔታ የሚባሉ መሪጌታ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከባሕሩ ማዶ ባለ አንድ ደብር ሲያገለግሉና ዜማ ሲያስተምሩ ነው። ወደ ከተማ የመጡት ለልጃቸው ሲሉ ነበር። ልጅቷ ከእኔ ሁለት ሦስት ዓመት ብትበልጠኝ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ባሏ ሾፌር ነበር፤ ለዘመቻ ተወስዶ ሰሜን ግንባር ነው ያለው፤ ደብዳቤ ከተቋረጠ ቆይቷል። የመጀመሪያ ልጇ ሲወለድ ሞተ፤ ሁለተኛዋ ክርስትና ሳትነሣ ቀረች። አሁን ሦስተኛውን ሰባት ወር ይዛለች። ጎረቤቱ ሾተላይ ነው እያለ ያንሾካሹካል፤ እሷም ሰምታለች። «ይህኛው ከሞተ እኔ ሰው ነኝ ብዬ አልቆምም» ብላኝ ነበር፤ ይህን ያለችኝ የልጅ ልብስ እያጣጠፈች ነው።

የኔታ እግራቸው እያበጠ ትንፋሽ ያጥራቸው ስለነበር ሐኪም ውኃውን በሽንት የሚያወጣ ክኒን አዝዞላቸዋል፤ ጠዋት አንድ፣ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ። ያደልኋቸው እኔ ነኝ። ፊደል ለማያውቁ ሰዎች ፖስታው ላይ ፀሐይ መሣል ልማዴ ነበር፤ ለጠዋት ከተራራ ሥር ብቅ ያለች ፀሐይ፣ ለቀትር መሐል ሰማይ ላይ ያለች ፀሐይ። እጄ ለምዶት ለእሳቸውም ሣልሁላቸው። ፖስታውን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ካዩት በኋላ «ልጄ፣ እኔ ዳዊት ስደግም የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ፀሐይ ሣልሽልኝ?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደድኋቸው።

መጀመሪያ ቤታቸው የሄድሁት ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ልጅቷ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች፤ ቁርጭምጭሚቷ ጠፍቷል፤ በጣት ቢነኩት ይሰረጉዳል። ስለ እግሯ ምንም አልጠየቅሁም። ደብተሩ ላይ የእግር ዓምድ አልነበረማ። «ሐኪም ያዘዘልሽ መድኃኒት አለ?» አልኋት። «የለም» አለች። ጻፍሁት። የአባቷን ክኒን ቆጠርሁ፤ ስድሳ ናቸው፤ ገና መጀመራቸው ነው።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ የአዛውንቶቹ ደብተር ተመሰቃቀለ። ጠዋት የሚዋጠውን ትቶ ማታ ሦስቱን በአንድ ጊዜ የሚወስድ አለ። ጾሙ እስኪፈታ ጨርሶ የተወ አለ። አንድ ሽማግሌ ክኒኑ የእንስሳ ስብ እንዳለበት ሰምተው ለፋሲካ አስቀምጠውታል። ውኃ እንኳ በማይቀመስበት ሰዓት የሚዋጥ ነገር ማዘዛችን የእኛ ጥፋት መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። እያንዳንዱን ከነምክንያቱ ጽፌ ለኃላፊው አሳየሁ፤ እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ አነበቡት።

የየኔታ ገጽ ብቻ ንጹሕ ነበር። በሁለተኛው ጉብኝቴ ፖስታውን ገልብጬ ስቆጥር ሠላሳ ክኒን ቀርቷል፤ አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም። እኚህ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ ማታ ድረስ አፋቸው ዝግ እንደሆነ አውቃለሁ። እንግዲህ ሁለቱንም ማታ ይወስዷቸው ይሆናል ብዬ በራሴ ደመደምሁ። «የኔታ፣ ክኒኑን በደንብ ጨርሰዋል» ብላቸው፣ «የተሰጠን ነገር ሜዳ ላይ አይጣልም ልጄ» አሉኝ። ያ መልስ ሆኖኝ አረፈው።

ልጅቷም እግሯ ጎድሏል። ጫማዋን አድርጋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። እኔም ደስ ብሎኝ «እግርሽ ቀለለሽ» አልኋት፤ ፈገግ ብላ አባቷን አየች። «ሐኪም ያዘዘልሽ መድኃኒት አለ?» «የለም።» አሁንም ጻፍሁት። ለኃላፊው «እንደ እነሱ ያለ ቤት አላየሁም» ብዬ ነገርሁ። እንደ ጎበዝ ተማሪ ነበር የምኮራባቸው። ሦስተኛውም ጉብኝት እንደዚያው ሆነ፤ የሁለተኛውን ወር ክኒን አድዬ ከጀመሩት ላይ ቆጠርሁ፣ ትክክል መጣ፣ ዘጋሁት።

ከዚያ ሳምንት አልሞላም። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጅቷ ከውኃ ቦኖ ተመልሳ እንስራዋን ሳታወርድ ወደቀች። አረፋ ደፈቃት፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጎረቤት ተሰብስቦ ሾተላዩ ተነሣ አለ። የኔታ ጠበል እየረጩ ሲደግሙ ቆዩ፤ ሁለተኛ ሲጥላት ግን መጽሐፋቸውን አጥፈው «ጋሪ ጥሩልኝ» አሉ። በጋሪ ሆስፒታል አደረሷት። እሷ ተረፈች። ወንድ ልጅ ነበር፤ ሞቶ ወጣ።

እኔ የሰማሁት ሰኞ ዕለት ነው። ኃላፊው ጠርተውኝ አብረን ሄድን። ያከማት ሐኪም በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት እንደሆነ ነገረን። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ከክኒናቸው አንዳንድ ሲሰጧት እንደቆዩ ነግረውኛል፤ አንቺ አታውቂም ነበር?» አለ።

አላውቅም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁዳዴ ሲገባ የኔታ የጠዋቷን ክኒን መዋጥ አልቻሉም። መጣሉ ደግሞ ኃጢአት መሰላቸው። ልጃቸው እርጉዝ ስለሆነች አትጾምም፤ እግሯም እንደ እሳቸው እግር አብጧል፤ የእሳቸውን እግር ያጎደለ የእሷንም ያጎድላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ክኒኗን ባርከው በእጃቸው ያጎርሷታል፤ ሌላዋን እሳቸው ማታ ይወስዷታል። ሂሳቡ ልክ የሆነው ለዚህ ነው። እሷም አልዋሸችኝም፤ ሐኪም አላዘዘላትማ። አባቷ ናቸው ያጎረሷት።

ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳን። በሽታውን ያመጣው ክኒኑ አይደለም። ግን እብጠቱ ሲጎድል ሁሉም ዳነች ብሎ ተዘናጋ፤ አለዚያ አንድ ሰው እግሯን አይቶ ቢያመጣት ግፊቷን ለክተው በጊዜ ይደርሱላት ነበር። ክኒኑ ለፅንሱ የሚደርሰውን ደምም ሳይቀንሰው አይቀርም አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ግን በመድኃኒት በሽታ ደበቅን። ኃላፊው ቢሮ ስንመለስ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ገለጧቸው፤ የአባትየውን ገጽና የልጅቷን ገጽ። «ሁለት ደብተር ያደረግሁት እኔ ነኝ» አሉ። በእኔ ላይ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ የኔታን ሆስፒታሉ ደጅ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሳያቸው ልመለስ ነበር፤ አይተውኛል። ተነሡልኝ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ለእኔ በመነሣቱ ለማፈር እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም፤ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ክኒኗ ናት ወይ?»

ዓይናቸው ቀልቷል፤ ጋቢያቸው ተንሸራቶ አንድ ትከሻቸው ላይ ብቻ ቀርቷል። «አይደለችም የኔታ» አልሁ። «ክኒኗ ጉዳት የላትም። የእግዜር ነገር ነው።»

አዝኜላቸው ነው ያልሁት፤ ይህ እውነት ነው። ግን ለእሳቸው ብቻ አልነበረም። ክኒኗ ናት ብል ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ፈርቻለሁ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣሽ ስትቆጥሪ ምን ስታዪ ነበር የሚለውን። የኔታ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ቀና ሳልል ተቀበልሁ።

ፋሲካ አለፈ። ልጅቷ ወደ ቤት ተመልሳለች፤ ለቅሶ ሊደርሱ የሄዱት ሁሉ ዝም ብላ እንደምትውል ይነግሩኛል። እኔ አልሄድሁም። ሥራ በዛብኝ እላለሁ፤ ሥራውስ እውነትም በዝቶ ነበር።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ አዲስ የተመዘገበች እርጉዝ ቤት ሄድሁ። የየኔታ ሠፈር ናት፤ አጥራቸው ይዋሰናል። ስድስተኛ ወሯ ነው፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ። ከዚያ ነገር ወዲህ ጥያቄዬን ለውጬዋለሁ፤ «አፍሽ የገባ ማናቸውም ክኒን፣ ከማንም ይሁን» እያልሁ ነበር የምጠይቀው። «አዎ፣ አለኝ» ብላ ከትራሷ ሥር ፖስታ አወጣች። ከተራራ ሥር ብቅ ያለች ፀሐይ። የእኔ እጅ ነው የሣላት።

«ማን ሰጠሽ?» አልኋት።

«የኔታ ናቸው። እግሬ ሲያብጥ አይተው አዘኑልኝ። እኔ እንኳ በልጃቸው የደረሰውን ሰምቼ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ‹የጤና ጣቢያዋ ልጅ ጉዳት የላትም ብላኛለች፤ አይዞሽ ዋጪ› አሉኝ።»

ሦስት ክኒን ውጣለች። እጇን ይዤ በእግሯ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ግፊቷ ተለካ፤ ደህና ነበር። መንገድ ላይ እየደጋገመች «ምን አደረግሁ?» ስትለኝ ምንም አላደረግሽም እላታለሁ። እሷን ከሸኘሁ በኋላ ፖስታውን ኪሴ ከትቼ በቀጥታ ወደ የኔታ ቤት ሄድሁ። ትንሽ ላስብ ብል ሌላ ሥራ እንደማላጣ ስለማውቅ ነው።

የኔታ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እግራቸው ከነጠላ ጫማቸው ሞልቶ ፈስሷል፤ ክኒናቸውን እኩል እያካፈሉ ለራሳቸው ግማሹን ብቻ ሲወስዱ ከርመዋል። እንዴት ሰነበቱ ሳልል ፖስታውን ጭናቸው ላይ አስቀመጥሁና ሁሉንም ነገርኋቸው። ሐኪሙ ያለውን፣ እኔ የደበቅሁትን፣ ለምን እንደደበቅሁት። ለራሴ ስል እንደሆነም ነገርኋቸው።

ፖስታውን አገላብጠው ፀሐይዋን አዩ።

«እኔ ያን ዕለት የጠየቅሁሽ እንድታጽናኚኝ አልነበረም» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ለማጽናናትማ ቀዬው ሙሉ ነው። አንቺን የጠየቅሁሽ ታውቃለች ብዬ ነው። አንድ ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛ እንዳላስቀብር ነበር የጠየቅሁሽ።»

«ይቅር ይበሉኝ የኔታ» አልሁ።

«እኔማ ምን ይቅር እላለሁ፤ ያጎረስሁ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያም ወደ ጓዳ ዞረው ልጃቸውን ተጣሩ። «ነይማ፣ እዚህ ተቀመጪ። በይ አሁን ለእሷም ንገሪያት።»

ልጅቷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና ደፉ ላይ ተቀመጠች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ለአባቷ ከነገርሁት ይልቅ ለእሷ መንገሩ ከበደኝ፤ ሾተላይ ነኝ ብላ ወር ሙሉ ስትቀመጥ ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ ዝም ብዬ ነበራ። ስጨርስ አላለቀሰችም። መሬት መሬቱን እያየች «ሁለተኛ የመጣሽ ዕለት ራሴ ሊፈነዳ ነው ብዬሽ ነበር» አለች።

ይህን ነገር እስካሁን እዚህም ላይ አልጻፍሁትም። ረስቼው አይደለም። እግሯ ጎድሎ ወዲያ ወዲህ ስትል ደስ ያለኝ ዕለት፣ እኔ ልወጣ ስል በር ድረስ ሸኝታኝ ነው የነገረችኝ። ለኃላፊው አልነገርሁም፤ ለሐኪሙም፣ አሁን ለየኔታ ሁሉንም ነገርሁ ስልም ዘልዬዋለሁ። ደብተሩ ላይ ግን አለ፤ «ራስ ምታት፤ መድኃኒት አልወሰደችም» ይላል፤ ከጎኑ የትክክል ምልክት አድርጌበታለሁ። ለእርጉዝ መድኃኒት አደገኛ ነው ሲባል ሰምቼ ሰምቼ፣ አለመውሰዷ ብቻ ነበር የታየኝ፤ ራስ ምታቱ የዚያው የደም ግፊት ምልክት መሆኑ አልታየኝም።

«ዓይኔ ላይም ብልጭ ብልጭ ይልብኛል አልሁሽ» አለች። «ጤና ጣቢያ ልምጣ ወይስ ለራሴ ክኒን ልግዛ ብዬ ጠየቅሁሽ። አንቺ ምከሪ አልተባልሽም ነበር፤ ያቺን አንዲት ምክር ግን መከርሽኝ። ‹እርጉዝ ሴት ክኒን ባትለምድ ይሻላል፤ ሙቀቱ ነው፤ ቻይው› አልሽኝ።»

«ብዬሻለሁ» አልሁ።

«እኔም ቻልሁት» አለች።